ከዓድዋ እንስራ እስከ ጣና ዳር፡ ቁስለኛን እንዴት እንርዳ?

የጦር ሜዳ ነርስ ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድማ የምትመጣው እንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ናት። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ፣ በ1847 ዓ.ም. ስኩታሪ ወደሚገኘው ወታደራዊ ሆስፒታል ስትደርስ ከጥይት ይልቅ ብዙ ወታደር የሚገድለው በሽታ ነበር። እርሷም ንጽሕና ሕይወት እንደሚያተርፍ በቁጥር አስደግፋ አስረዳች።

እኛም በዚሁ ክፍለ ዘመን ቁስለኛን ያሰቡ እቴጌ ነበሩን። እቴጌ ጣይቱ ብጡል በልጅነታቸው ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቀው ደብረ መዊ እንደኖሩ ይነገራል። የውሃን ዋጋ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ የመሸገው የጣሊያን ጦር የሚጠጣበት ምንጭ እንዲያዝ አደረጉ። የካቲት 23 ቀን በዓድዋ ደግሞ ሴቶች እንስራ ተሸክመው ተዋጊውን እየተከተሉ የተጠማውንና የቆሰለውን እንዲያጠጡ አዘዙ። ደም መለገስ በማይታወቅበት በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ እርዳታ ነበር።

የቆሰለ ሰው ለምን ይጠማዋል? በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ 5 ሊትር ያህል ደም አለ። ብዙ ሲፈስ ሰውነት የጎደለውን ለመተካት ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ጉዳት የደረሰበት ሰው «ውሃ፣ ውሃ» ካለ፣ ደም ከውጭ ባይታይም ውስጡ እየደማ ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሩ።

ዛሬ ግን ሐኪም ቤት ስላለ አያያዛችን ይለያል። ራሱን ለሳተ፣ ሆዱ ለተወጋ ወይም ክፉኛ ለተጎዳ ሰው ምንም አታጠጡ። ውሃው ወደ ሳንባው ሊገባ፣ ቀዶ ሕክምናውንም አደገኛ ሊያደርግ ይችላል። ይልቁንም የሚደማውን ቦታ በንጹህ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ጨርቁ በደም ቢርስ ሳታነሱ ሌላ ደርቡበት፤ ብርድ እንዳይመታው ሸፍናችሁ ፈጥናችሁ ሐኪም ቤት አድርሱት።

ለቀላል ቁስል ግን ውሃ ዛሬም የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ከዚያም ቁስሉን በንጹህ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ። በጣና ዳር የምትኖሩ፣ ዓሣ ስታጠምዱ ወይም መረብ ስትጎትቱ ብትቆረጡ ቁስሉን በሐይቁ ውሃ አትጠቡት። ጥሩ ቢመስልም ቢልሃርዚያንና ሌሎች ተህዋስያንን ሊይዝ ይችላል። የቧንቧ ውሃ ወይም አፍልታችሁ ያቀዘቀዛችሁት ይሻላል። አመድ፣ እበት፣ ቡና ወይም ቅቤ ቁስል ላይ አታድርጉ፤ ቁስሉን ያመረቅዛሉ። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም አፈር ከነካው በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ሂዱና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት እንደሚያስፈልጋችሁ ጠይቁ። መንጋጋ ቆልፍ አንዴ ከያዘ ማዳኑ ከባድ ነው፤ መከላከሉ ግን ቀላል ነው።

የዓድዋ እናቶች በእጃቸው የነበረውን ይዘው ደረሱ። እኛ ደግሞ በእጃችን ላይ እውቀት አለ፤ ዛሬ ማታ ለቤተሰባችሁ ንገሩት።