ከመጠጥ ለመላቀቅ ጎረቤት ከተማም ድረስ እንሂድ

በቂርያት ማላኺ፣ በገዴራ ወይም በያቭኔ የሚኖር ሰው መጠጥ ለማቆም ሲያስብ «የት ልሂድ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ማን ያየኛል?» የሚለውም አብሮ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚቀረው በሁለተኛው ምክንያት ነው። ስለዚህ ሐሳቤን በግልጽ ላስቀምጥ፦ በሰፈራችሁ መታየት ከከበዳችሁ ጎረቤት ከተማ ወዳለው የመረዳጃ ቡድን ሂዱ፤ በአማርኛ የሚነጋገር ቡድን ካጣችሁ ደግሞ የሦስቱ ከተሞች ሰዎች ተባብረን አንድ እናቋቁም። ገዴራ በቂርያት ማላኺና በያቭኔ መካከል ናት፤ መንገዱ ካልተጨናነቀ ከሁለቱም በመኪና ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አንዱ ከተማ ብቻውን የማይሞላውን ክፍል ሦስቱ አብረው ይሞሉታል።

«ሰው ከልቡ ከቆረጠ ቡድን ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አሉ። መቁረጥ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከማቆም ይልቅ አቁሞ መቆየት ይከብዳል። እነዚህን የመረዳጃ ቡድኖች የሚያሰባስበው፣ እዚህ በዕብራይስጥ አልኮሆሊስቲም አኖኒሚም የሚባለው ማኅበር በ1935 አሜሪካ ውስጥ፣ በኦሃዮዋ አክሮን ከተማ፣ በአክሲዮን ደላላው በቢል ዊልሰንና በሐኪሙ በቦብ ስሚዝ ተጀመረ። ሁለቱም በመጠጥ የተጎዱ ነበሩ፤ ሌላውን ጠጪ መርዳት የራስንም ጽናት እንደሚጠብቅ ከሕይወታቸው ተረዱ። በ2020 የወጣው የኮክሬን ጥናታዊ ግምገማ 10,565 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 27 ጥናቶች መርምሯል። ሰውን በሥርዓት ወደዚህ ማኅበር የሚመራ ሕክምና፣ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይጠጡ በመቆየት ረገድ ከሌሎች የታወቁ የሥነ ልቦና ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት አሳይቷል፤ በሌሎቹ መለኪያዎችም ከእነርሱ ብዙም አላነሰም። ሁሉም ይድናል ማለት አይደለም። ብቻውን ከሚታገል ሰው ይልቅ አመሻሽ ላይ መጠጥ ሲያምረው የሚደውልለት ሰው ያለው የተሻለ ዕድል አለው ብዬ ግን አምናለሁ።

ዕፍረቱን አቅልዬ አላየውም። በሠርግም በለቅሶም የምንገናኝ፣ በዝምድና የተሳሰርን ሰዎች ነን፤ አንድ ወሬ ከአንድ ቤት ሲነሣ ማታውን ሰፈሩን ያዳርሳል። አንዳንዱ ደግሞ «ረቫሃ (የማኅበራዊ ደኅንነት ቢሮው) ፋይል ይከፍትብኛል፣ ልጆቼን ይወስድብኛል» ብሎ ይፈራል። ማኅበሩ ግን ከየትኛውም መንግሥታዊ ቢሮ ጋር አልተያያዘም፤ የአባልነት ክፍያ የለውም፣ የቤተሰብ ስም አይጠይቅም። ለመግባት የሚያስፈልገው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። እዚያ የምታገኙትም ሰው የመጣው በራሱ ችግር ነውና የእናንተን ምሥጢር የሚጠብቀው የራሱም ስለሆነ ጭምር ነው። ይህም ዋስትና ካልበቃችሁ፣ ጎረቤት ከተማ መሄዱ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ከዓርብ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ አውቶቡስ ስለሚቆም በሳምንቱ መካከል የሚሰበሰብ ቡድን ምረጡ፤ ሰዓቱ ሊለወጥ ስለሚችል አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

«የዕብራይስጡ ቡድን ለእኛ አይሆንም» የሚለው ክርክር ከፊሉ እውነት ነው። እዚህ ተወልዶ ያደገ ወጣት በዕብራይስጥ ልቡን ይከፍታል። በ1984 በሱዳን በኩል፣ ወይም በ1991 በሰለሞን ዘመቻ የመጣ አባት ግን በመንገድ የቀበራቸውን ሰዎች፣ ከልጆቹ ጋር የተራራቀበትን ምክንያት በተሰበረ ዕብራይስጥ ሊናገር አይችልም። መልሱ ግን ቤት መቀመጥ አይደለም። በማኅበሩ ሥርዓት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች መጠጥ ለመተው ከተሰበሰቡ ራሳቸውን ቡድን ሊሉ ይችላሉ፤ ፈቃድ አያስፈልግም፣ የማትናስ (የማኅበረሰብ ማዕከል) አንድ ክፍል ይበቃል። እቁብን ከአገር ይዘን መጥተን በመተማመን ብቻ ስናካሂድ ኖረናል፤ ተራ ጠብቆ መናገርና የሰውን አደራ መጠበቅ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይሆንም።

«መጠጥ እኮ ባህላችን ነው» የሚሉም አሉ። ጠላ ተጠምቆ ለበዓልና ለሠርግ ከዘመድ ጋር መጠጣቱ እውነት ነው። ብቻን ተቀምጦ በየቀኑ ከሱቅ የተገዛ ቮድካ መጨረስ ግን የማንም ባህል አይደለም። ባህላችንን የምናከብር ከሆነ ያቆመውን ሰው «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ» እያልን አናስጨንቀው። እምነትን በተመለከተም፣ ማኅበሩ ፈጣሪን እያንዳንዱ እንደሚያምነው ነውና የሚጠራው፣ ጸሎትና ቡድን አይጣሉም።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ብቻውን አያቁም። መንቀጥቀጥ፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥና መቃዠት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊመጡ ይችላሉ፤ ሕይወትም ያሳጣሉ። አስቀድማችሁ የኩፓት ሆሊም (የጤና መድን) ሐኪማችሁን አማክሩ፤ የመጠጥ ፍላጎትን የሚቀንሱ እንደ ናልትሬክሶን ያሉ መድኃኒቶችም አሉ። መንቀጥቀጡ፣ መንፈራገጡ ወይም መቃዠቱ ከጀመረ ወደ አምቡላንስ፣ 101 ደውሉ።

ቄሶችና ሽማግሌዎች፣ ሰው ሊያማክራችሁ ሲመጣ ከምክራችሁ ጋር ወደ ሐኪምና ወደ ቡድን ላኩት። መጠጥ ትታችሁ ዓመታት የቆያችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ሁኑ። በአማርኛ የሚነጋገረው ቡድን የሚጀመረው በእናንተ ነው።