አረንጓዴ ሻይን ያመረረው ማነው?

«ለጤና ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቼ አረንጓዴ ሻይ ገዛሁ፤ ነገር ግን ሬት ሬት ይላል» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እሽጉም አንድ ጊዜ ይከፈትና መደርደሪያ ላይ ይረሳል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቅጠሉ ሳይሆን የአፈላላችን ነው።

አረንጓዴውም ሆነ ጥቁሩ ሻይ ከአንድ ተክል የሚገኙ ናቸው። ለጥቁሩ ሻይ የተለቀመው ቅጠል ይታሽና አየር እያገኘው እንዲጠቁር ይተዋል። አረንጓዴው ግን ቶሎ በእንፋሎት ወይም በጋለ ብረት ስለሚሞቅ አረንጓዴነቱን እንደያዘ ይቀራል። ይህን ቅጠል እንደለመድነው የቅመም ሻይ እሳት ላይ ስናንተከትከው መራራና አፍ የሚያደርቁ ንጥረ ነገሮቹ በብዛት ይወጣሉ። ሞሮኮዎች አረንጓዴ ሻይን በናና ያፈላሉ፤ ምሬቱን የሚሸፍኑት ግን በብዙ ስኳር ነው። ለጤና ብሎ ለጀመረ ሰው ይህ አያዋጣም።

የሚስማማው ውሃ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ነው። ቴርሞሜትር ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። ውሃው ከፈላ በኋላ ወደ ብርጭቆ ይቅዱት፤ ከዚያም ወደ ሌላ ብርጭቆ ይገልብጡት። በእያንዳንዱ ግልበጣ በግምት 10 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አንድ ሁለቴ መገልበጥ ይበቃል። ድሬዳዋ ግን እስከ 96 ስለሚደርስ አንድ ጊዜ ይጨምሩ።

ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅጠል ይበቃል። ውሃውን ያፍስሱበት፣ ይክደኑት፣ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ቆይተው ያጥልሉት። ቅጠሉን አይጣሉት፤ ለሁለተኛ ዙር ያገለግላል። የቀረውን ደረቅ ቅጠል ከበርበሬና ከቅርንፉድ አርቀው በደንብ በሚከደን ዕቃ ያስቀምጡ፤ ሽታ ቶሎ ይስባል።

እዚህ ላይ እናቶች ልብ እንዲሉት የምንፈልገው ነገር አለ። ሻይ፣ አረንጓዴውም ጭምር፣ ከምስር፣ ከሽሮና ከጤፍ የምናገኘውን ብረት ሰውነታችን በሚገባ እንዳይወስድ ያደርጋል። ስለዚህ ከምግብ ጋር ወይም እንደበሉ ወዲያው አይጠጡት፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆዩ። በተለይ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ደም ማነስ አለብሽ የተባለች ወይም የብረት እንክብል የታዘዘላት ሴት ይህን ችላ ልትል አይገባም። በረመዷንም ለኢፍጣር በቀረበው ሾርባና ሳምቡሳ ላይ ሻይ የምናስከትል ከተራዊሕ በኋላ ብናደርገው ይሻላል። ካፌይን ስላለው ግን እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰው በዚያ ሰዓት አንድ ብርጭቆ ይበቃዋል።