የወላጅ ጥያቄና የሐኪም ምርመራ፦ ከፊኒልኬቶኑሪያ ታሪክ የምንማረው



የልጁ ዕድገት ከእኩዮቹ የዘገየበት ወላጅ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «ልጄን ምን ነካብኝ?» የሚል ነው። የበሽታውን ስም የሚነግረው ሲያጣ ራሱ መፈለግ ይጀምራል፤ መጻሕፍት ያገላብጣል፣ ከሐኪም ሐኪም ይመላለሳል፣ ሌሎች ወላጆችን ይጠይቃል። ይህን ፍለጋ እንደ ጣልቃ ገብነት የሚቆጥሩ ባለሙያዎች አሉ። እኔ ግን የወላጅ ምልከታ ለሳይንስ ማስረጃ የሚሆንበት መንገድ እንዳለ በአንድ በሽታ ታሪክ ላሳይ እወዳለሁ።

በሽታው ፊኒልኬቶኑሪያ ይባላል። በዘር የሚተላለፍ ሲሆን፣ የሕፃኑ ሰውነት በፕሮቲን ምግቦች ውስጥ የሚገኘውን ፊኒልአላኒን የተባለ አሚኖ አሲድ በሚገባ ሊለውጠው አይችልም። ንጥረ ነገሩ በደም ውስጥ እየተከማቸ በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ይጎዳል። ሕፃኑ ሲወለድ ጤነኛ ስለሚመስል ጉዳቱ የሚገለጠው ከወራት በኋላ ነው።

ኖርዌያዊቷ ወይዘሮ ቦርግኒ ኤግላንድ የዚህ በሽታ ሰለባ የሆኑ ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ከልጆቹ የማይለይ እንግዳ ሽታ መኖሩን አስተውለው፣ ከሕመሙ ጋር ይያያዝ እንደሆነ ሐኪሞችን ደጋግመው ጠየቁ፤ መልስ ግን አላገኙም። በመጨረሻ የኬሚስትሪ ዕውቀት የነበራቸው ሐኪም አስቢዮርን ፎሊንግ ጥያቄያቸውን ተቀበሉ። ፎሊንግ በልጆቹ ሽንት ላይ ፌሪክ ክሎራይድ ሲጨምሩ ያልተጠበቀ አረንጓዴ ቀለም ታየ። ቀለሙ ከመድኃኒት የመጣ እንዳይሆን፣ ልጆቹ የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ ለአንድ ሳምንት እንዲቋረጥ አደረጉ፤ ውጤቱ አልተለወጠም። ንጥረ ነገሩን አጣርተው ፊኒልፓይሩቪክ አሲድ መሆኑን ደረሱበት። ከዚያም 430 የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች መርምረው በ8ቱ ላይ ያንኑ አገኙ። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1934 ታተመ።

ሁለተኛው ምዕራፍ በእንግሊዝ አገር፣ በበርሚንግሃም ነው። አንዲት እናት ለታመመች ሴት ልጃቸው ሕክምና እንዲፈለግላት ሆርስት ቢከል የተባሉትን ሐኪም አጥብቀው ወተወቱ። ቢከልና ባልደረቦቻቸው ፊኒልአላኒን የተቀነሰበት ምግብ አዘጋጁ፤ ልጅቱም መሻሻል አሳየች። ለውጡ በእርግጥ ከምግቡ የመጣ መሆኑን ለማረጋገጥ ግን ተመራማሪዎቹ ለእናትየዋ ሳይነግሩ ፊኒልአላኒን በምግቡ ላይ ጨመሩበት። እናትየዋ ምንም ሳያውቁ ልጃቸው ወዲያው መድከሟን አስተዋሉ። ሙከራው ኋላ በወላጆቹ ፈቃድ በሆስፒታል ተደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ለኅትመት በቃ። ያለ ፈቃድ የተደረገው የመጀመሪያው ሙከራ በዛሬው የምርምር ሥነ ምግባር ተቀባይነት አይኖረውም። ሆኖም የእናትን ዓይን አስተማማኝነት ያለ አድልዎ የፈተነ ነበር።

ሦስተኛው ሮበርት ጉትሪ ናቸው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅ አባትና ፊኒልኬቶኑሪያ የተገኘባት ሕፃን አጎት የነበሩት እኚህ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከሕፃን ተረከዝ በሚወሰዱ ጥቂት የደም ጠብታዎች በሽታውን የሚለይ ርካሽ ምርመራ አስተዋወቁ። በብዙ አገሮች አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን መመርመር የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ወይዘሮ ኤግላንድ የበሽታውን ኬሚስትሪ አላወቁም፤ ያበረከቱት ትክክለኛ ምልከታና ያልተቋረጠ ጥያቄ ነው። ስለዚህ የሚመራመር ወላጅ ዋና ሀብቱ ያነበበው ብዛት ሳይሆን፣ ምን እንዳየ፣ መቼ እንደ ጀመረና ከምን በኋላ እንደ ተለወጠ በቀን በቀኑ መመዝገቡ ነው። በሌላ በኩል፣ ምልከታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ፎሊንግ መድኃኒቱን ያስቋረጡት፣ ቢከልም ምግቡን መልሰው የቀየሩት፣ ከአንድ ነገር በኋላ የመጣ ሁሉ በዚያ ነገር ምክንያት የመጣ ስላልሆነ ነው። አንድ ልጅ ዳነበት የተባለን መድኃኒት ወላጅ ለልጁ ከመስጠቱ በፊት ይህንኑ ፈተና ማለፉን ይጠይቅ።

ለኤግላንድ ልጆች ዕውቀቱ ዘግይቶ ደረሰ። ምግቡ ጉዳትን አስቀድሞ ይከላከላል እንጂ የተጎዳን አንጎል እንደ ነበረ አይመልስም። በዚህ በሽታ ሰሚ ሳያገኝ የሚያልፍ እያንዳንዱ ወር ዋጋ ያስከፍላል። እናንተም ነገ በምርመራ ክፍል ስትቀመጡ፣ እናት የምትነግራችሁን በራሷ ቃል መዝግቡት፤ ከዚያም መርምሩት።