ሰው ማመን ጥፋት ነው ወይ? የንጉሥ ዳንከን ነገር

«ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። በዚህ እትም የምናወሳው ንጉሥ ግን ሁለት ጊዜ ነው የተጣለው። እሱም በዊልያም ሼክስፒር «ማክቤዝ» ትራጄዲ ውስጥ የምናገኘው የስኮትላንድ ንጉሥ ዳንከን ነው። ተውኔቱ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1606 ገደማ ሲሆን፣ ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካውዶር ገዥ ንጉሡን ከድቶ ከጠላት ጋር ያብራል። ዳንከን በሞት ይቀጣውና ሹመቱን ለጦር አለቃው ለማክቤዝ ይሰጣል። የሰውን ልብ ከፊቱ ማወቅ እንደማይቻል፣ በዚያ ከሃዲ ላይም ሙሉ እምነት ጥሎ እንደነበር ራሱ ይናገራል። ይህን ብሎ ሳይጨርስ ታዲያ ማን ይገባል? ማክቤዝ! ንጉሡም በምስጋና ይቀበለዋል። አፉ የተናገረውን ልቡ አልሰማም። ቀጥሎም በማክቤዝ ቤት በእንግድነት ሊያድር ይሄዳል፤ የአካባቢውን አየር ያደንቃል፣ ለእመቤቲቱ አልማዝ ይልካል። በዚያው ሌሊት በተኛበት ይገደላል።

ደራሲው ግን አላሾፈበትም። የንጉሡን ደግነት የሚመሰክሩት ገዳዮቹ ራሳቸው ናቸው። ማክቤዝ ዘመዱን፣ ጌታውንና እንግዳውን ሊገድል መሆኑን እያሰበ ያመነታል። ሚስቱ እንኳ፣ የተኛው ሽማግሌ አባቷን ባይመስላት ኖሮ ራሷ ትገድለው እንደነበር ትናገራለች።

በታሪክ የምናውቀው ዳንከን ሽማግሌ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1040 የሞተውም ከማክቤዝ ጋር በተደረገ ውጊያ ነው። ሼክስፒር ያነበበው የሆሊንሸድ ዜና መዋዕልም ንጉሡን ከመጠን በላይ ለስላሳ አድርጎ ይስለዋል። ደራሲው ሽማግሌና ቸር ያደረገው የክህደቱ ክብደት እንዲታየን ይመስለናል።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የልጁ የማልኮም ታሪክ ነው። አባቱ ሲገደል ወደ እንግሊዝ ይሰደዳል። ማክደፍ የተባለ መኳንንት መጥቶ አገሩን እንዲያድን ሲለምነው ወዲያው አያምነውም፤ ማክቤዝ ሊያጠምደው ሰው ሲልክበት ቆይቷልና። ስለዚህ «እኔ እኮ ሴሰኛና ስግብግብ ነኝ» እያለ ራሱን ያጠቁራል። ማክደፍ መጀመሪያ ሊያቻችለው ይሞክራል፤ በመጨረሻ ግን ተስፋ ቆርጦ ለአገሩ ያለቅሳል። ማልኮምም ሰውየው ሹመት ፈላጊ እንዳልሆነ ያኔ ይገባዋል። እውነቱን ነግሮት አብረው ይዘምታሉ።

ብዙዎቻችን ክህደት ቀምሰናል። ከዚያ የተነሳ ልጆቻችንን «ማንንም አትመኑ» እያልን እናሳድጋለን። ግን ራሽን ልንቀበል ስንሄድ ሕፃን የምንተወው ለጎረቤት አይደለም? ማንንም ያላመነ እዚህ አንድ ቀን አይውልም። ዳንከን ሰው በማመኑ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ሳይፈትን በማመኑ ነው። ማልኮም ደግሞ ፈተነ፣ ከፈተነ በኋላ ግን አመነ። ለልጆቻችን ሁለቱንም እንንገራቸው፤ የአባትየውን ብቻ ሰምተው እንዳይቀሩ።