ሞትን ለልጅ ያለ ሃይማኖት ማስረዳት

ልጅ ስለ ሞት ቀስ በቀስ የሚገነዘባቸው ነገሮች አራት ናቸው፦ የሞተ አይመለስም፤ አካሉ መሥራት ያቆማል፤ ሕይወት ያለው ሁሉ ይሞታል፤ ሞት ምክንያት አለው። ስለ ወዲያኛው ዓለም በማያስተምር ቤተሰብ ንግግሩ የሚጀምረው ከአካል ነው፦ «አያትህ ሞተዋል። ልባቸው መምታት አቁሟል፤ አይርባቸውም፣ አይበርዳቸውም፣ አያማቸውም።»

«ሞተ» የሚለውን ቃል መድፈር ያስፈልጋል። «አረፈ»፣ «ተለየን» ማለት ለአዋቂ ጨዋነት ነው፤ ለ4 ዓመት ልጅ ግን ያረፈ ይነሣል፣ የሄደ ይመለሳል። «ተኝተዋል» የተባለ ልጅ ደግሞ መኝታውን ሊፈራ ይችላል።

የአሜሪካው የልጆች ፕሮግራም «ሰሰሚ ስትሪት» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ባለሱቁን ሚስተር ሁፐርን ይጫወት የነበረው ዊል ሊ በ1982 እ.ኤ.አ. ሲሞት በቦታው ሌላ ተዋናይ አልተተካም። በ1983 በተላለፈው ክፍል ቢግ በርድ የተባለው ትልቅ ወፍ ወዳጁ እንደማይመለስ በግልጽ ተነገረው፤ ስለ ሰማይ ቤት አልተነሣም፤ አዋቂዎቹም ሐዘናቸውን አልደበቁም።

በለቅሶ ቤት «ወደ ሰማይ ሄዱ» ሲባል የሰማ ልጅ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። «ብዙ ሰዎች እንደዚያ ያምናሉ፤ እኛ የምናስበው ግን እንዲህ ነው» ማለት ጎረቤትን ሳይነቅፉ እውነቱን መናገር ነው። ልጁ ያንኑ ጥያቄ በማግሥቱ ቢደግመው መልሱም ያው፣ አጭርና ያልተለወጠ መሆን አለበት።