ራስ ምታቱ የከፍታ ነው የወባ? ከሸሕዲ ወደ ስሜን ለሚወጡ

ከሸሕዲ ማለዳ የተነሣ ሰው መንገዱ ከቀናው በጎንደር በኩል አድርጎ ማምሻውን ደባርቅ ይገባል። ሸሕዲ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው የሳንቃበር ማረፊያ ደግሞ 3,250 ሜትር ላይ ነው። እግር ሳይደክም ሳንባ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ወጣ ማለት ነው።

የኦክስጅን ድርሻ ቆላም ደጋም 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ሸሕዲ ላይ ግማሹን ጠጥተው ጥብቅ አድርገው የከደኑት የውሃ ጠርሙስ ሳንቃበር ላይ ተወጥሮ ያገኙታል፤ ሲከፍቱት ጢስ ይላል። ራስ ደጀን ጫፍ (4,550 ሜትር ገደማ) ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ አይሞላም።

ሰውነት ቶሎ ቶሎ በመተንፈስ ይጀምራል፤ ሽንትም ይበዛል። ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋስ ለማምረት ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ ዋናው ስንቅ ጊዜ ነው። ጉልበት ከከፍታ ሕመም አያድንም፤ እንዲያውም ጎበዙ እየሮጠ ወጥቶ ቀድሞ ይወድቃል። ጎንደር ማደር፣ ደባርቅ ማደር፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ደግሞ የመኝታን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር። ራስ ደጀን የሚወጡትም 3,200 ሜትር ላይ ካለችው አምብቆ ተነሥተው፣ ጫፉን ረግጠው፣ ተመልሰው እዚያው ያድራሉ።

በቅሎ ነጂውን ለመከተል መሞከር ከንቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢል ቡድን ጥናት 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የስሜን ሰዎችን ደም መርምሮ፣ ሄሞግሎቢናቸውም ኦክስጅናቸውም በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ሄሞግሎቢን ግን ከፍ ያለ ነው።

በማረፊያዎቹ ውሃ 89 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ምስር ቶሎ አይበስልም፤ በሶ ይዞ መሄድ ይበጃል። የመጠጥ ውሃ መፍላት ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ እየፈላ ይቆይ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ አለ፤ የቆላ ጋቢ ብቻውን አይበቃም።

የሸሕዲ ሰው ግን ሌላም ጣጣ አለበት። ዝናቡ አባርቶ ተራራው የሚጠራበት ወቅት ሸሕዲ ባለችበት በመተማ ቆላ ወባ የሚበረታበትም ነው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ ከትንኝ ንክሻ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል፤ ቫይቫክስ የተባለው ደግሞ ጉበት ውስጥ ለወራት ሊያደፍጥ ይችላል። ደህና ሆኖ የተነሣው ተጓዥ በፓርኩ ውስጥ ባለው የጨነቅ ማረፊያ ላይ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል። ራስ ምታቱን በከፍታው፣ መንቀጥቀጡን በብርዱ ያሳብባል።

የከፍታ ሕመም ብዙ ጊዜ ብርቱ ትኩሳት የለውም፤ ሲወርዱም ይለቃል። ወባ ወርደውም አይለቅም። ቁጭ ባለበት ትንፋሽ ያጠረው፣ ሲራመድ የሚንገዳገድ ወይም የሚቀባዥር ሰው ግን ንጋትን ሳይጠብቅ ይውረድ። ትኩሳት ያለው ደባርቅ ሲደርስ ደሙን ይመርመር፤ ለሐኪሙም ከሁሉ አስቀድሞ ከመተማ መምጣቱን ይንገር።