አሮጌ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ስለ መግዛትና ስለ ማደስ

በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ካለበት ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ፣ ዱሮ በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ይጽፉ ከነበሩ አንድ አዛውንት ሦስት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን አንድ ኦሊቬቲ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ገዛን። በግዢው ጊዜ የመረመርነው ቀለሙንና ሣጥኑን ብቻ ነበር። ይህም ስሕተት ሆነብን።

የአማርኛ መኪና ከላቲኑ የሚለይበት ጠባይ አለው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ የመኪናው ቁልፎች ግን 50 እንኳ አይሞሉም። ከኢንጂነር አያና ብሩ ጀምሮ ብዙዎች የደከሙበት ችግር ይኸው ነው። የተገኘውም መላ ፊደሉን በአንድ ቁልፍ፣ ቅጥያውን በሌላ ቁልፍ አንድ ቦታ ላይ መምታት ነው፤ ከሁለቱ አንደኛው ሲመታ ወረቀቱን የያዘው ሠረገላ ሳይራመድ ይቆያል።

የእኛ መኪና «ቡና» ሲባል «ቢና» ይጽፍ ነበር። (ይህም በጅማ!) ካዕብ ከሣልስ የሚለየው ቅጥያው ከወገብ ወይም ከእግር በመቀጠሉ ስለሆነ፣ ምልክቱ ጥቂት ዝቅ ካለ ቃሉ ይለወጣል። እኛ ግን ነገሩ ከእድፍ የመጣ መስሎን የስፌት መኪና ዘይት አፈሰስንበት፤ ዘይቱ ከአቧራው ጋር ተቦክቶ በሳምንቱ ክንዶቹ ሁሉ ተጣበቁ። ፊደል ተሸካሚዎቹ ክንዶች የሚገቡበት ስንጥቅ ደረቅ መሆን አለበት። በቀጭን ብሩሽና በነጭ ጋዝ ሁለት ቀን አጠብነው፤ ጋዙ ጎማውን እንዳይነካው በጨርቅ ሸፈንነው። አዲስ ሪባንም በአሮጌው ማጠንጠኛ ላይ ጠመጠምን።

ከታጠበ በኋላም «ቢና» አለ። ክንዱን በፒንሳ ልናጣምም ስንል፣ በጫፉ ያለችው ብረት ፊደል ቀድሞ ወልቃ ዝቅ ብላ መበየዷን አየን። ፒንሳው ቢሰብራት ኖሮ ምትክ የምናገኝበት ስፍራ አልነበረም። አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ በመበየጃው አሙቆ በጥንቃቄ ከፍ አደረጋት።

ስለዚህ ገዢ ወረቀት ይዞ ይሂድ፤ ከመዋዋሉ በፊትም አንዱን ፊደል በሰባቱ ቤት መትቶ ይመልከት።

አዛውንቱን ጠርተን አስሞከርናቸው። ቅጥያውን ለብዙ ዓመታት በብዕር ሲያርሙት እንደ ኖሩ የነገሩን ያን ጊዜ ነው። በመጀመሪያ የመቱት «ለክቡር» የሚለውን ቃል ነበር፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አቅርበው ቡን ደጋግመው አዩት።